ከወሎ ማሳ እስከ መካ ሸለቆ

በመካ ኩዳይ፣ በጅዳ፣ ሥራ ላይም ሆናችሁ ቤት ውስጥ የምትከታተሉን ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አፈር ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ያላችሁባት መካ እህል የማይበቅልበት ሸለቆ ናት። ለዘመናት የኖረችው በንግድ፣ በሐጅና ከውጭ በሚመጣ እህል ነው። ጣኢፍ ፍራፍሬና አትክልት ያቀብላት ነበር፤ ስንዴው ግን በብዛት ይመጣ የነበረው ከግብፅ ነው። በኸሊፋ ዑመር ዘመን ሒጃዝን ረሃብ ሲመታው የግብፁ ገዥ ዐምር ኢብኑል ዓስ ከዓባይ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደውን የጥንት ቦይ አስጠርጎ እህል በመርከብ ላከ። በማምሉኮችና በኦቶማኖች ዘመንም ለሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች ወቅፍ የተደረገ የግብፅ እህል በቀይ ባሕር በኩል ይጫን ነበር።

ያ ስንዴ የበቀለበት ደለል ታዲያ ከየት መጣ? አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ነው። የመካ ሰው ዳቦ ሲቆርስ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ማሳ የወጣ ፍሬ ይበላ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ደለሉ ግብፅንም አያደልብም፤ የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ከግድቡ ሐይቅ አያልፍም። ማሳችን ግን መታጠቡን አላቆመም።

ለምን ይታጠባል? ጤፍ የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል። ገበሬው ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፤ ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ራቁቱን ነው። የሐምሌ ዶፍ የሚወርደው በዚያ ላይ ነው። ከዝናብ በኋላ ተዳፋት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ ትንንሽ ጠጠሮች በቀጫጭን የአፈር ምሰሶ ላይ ቆመው ታገኛላችሁ። ጠጠሩ የሸፈነው አፈር ብቻ ቀርቷል፤ በዙሪያው ያለው ሄዷል። የምሰሶው ቁመት በዚያ ዝናብ የጠፋውን ያሳያል።

በ1981 ደሴ አቅራቢያ ማይባር ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። ምርምሩን የመሩት የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ሐንስ ሁርኒ፣ ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር በሔክታር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። አንድ ገበሬ 50 ዓመት ቢያርስ፣ በዕድሜው አንድ ስንዝር አፈር ይሄድበታል። ያን ያህል አፈር እንደገና እስኪፈጠር ስንት ትውልድ ያልፋል!

በወሎ የደረሰውን ረሃብ ስናነሣ ዝናብ ቀረ እንላለን። ቀርቷል፤ ጦርነትና የመንግሥታት ጥፋትም አለበት። ነገር ግን ጥልቅ አፈር ውኃ ይዞ ሰብሉን ለሳምንታት ያቆየዋል፤ ስስ አፈር ላይ ሁለት ሳምንት ዝናብ ሲጠፋ አዝመራው ይደርቃል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ሲነድ፣ ገለባው ለከብት ሲሄድ ደግሞ ለመሬቱ የሚመለስለት ነገር የለም። ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከኮምቦልቻ አካባቢ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ብዙ ወጣት ከኋላው ስስ ማሳ ትቶ ነው የመጣው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1977ቱ ድርቅ በፊትና በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ገበሬው ከፊሉን አፈረሰው። አልፈርድበትም፤ በትእዛዝ የተሠራ፣ መሬቱም የማን እንደሚሆን ያልታወቀ ነበር። በኋላ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ብዙዎች እርከናቸውን በፈቃዳቸው ጠገኑ። እርከን ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ በየዓመቱ ጉልበት ይፈልጋል። ያ ጉልበት ግን ዛሬ ጅዳና መካ ነው ያለው።

ገንዘብ ይህን ይተካል ወይ? የምትኖሩበት አገር ሞክሮታል። ሳዑዲ አረቢያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በረሃ ላይ ስንዴ ዘርታ፣ በ1992 ወደ 4 ሚሊዮን ቶን አምርታ ወደ ውጭ እስከ መሸጥ ደርሳ ነበር። ውኃው ግን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከመሬት ሥር የተጠራቀመና የማይተካ ነበር። በ2008 ምርቱን ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ወሰነች፤ በ2016 መንግሥት የአገር ውስጥ ስንዴ መግዛቱን አቆመ። በነዳጅ ገንዘብ የጠለቀ ጉድጓድ መቆፈር ይቻላል፤ ዝናብና አፈር አይገዛም። እኛ ሁለቱም አሉን፤ አንደኛው ግን እያለቀ ነው።

ስለዚህ ይህን እለምናችኋለሁ። አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ቤቱ ቆርቆሮ እንደምትጠይቁ ስለ ማሳውም ጠይቁ፦ እርከኑ ቆሟል? ቦረቦሩ እየሰፋ ነው? ፍጉ ይነዳል ወይስ ማሳ ላይ ይበተናል? ከምትልኩት ላይ ለእርከን ጥገና የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ በእርከኑ ላይ ለሚተከል የደሾ ሣር፣ ፍጉን ከእሳት ለሚያድን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ጥቂት መድቡ። የእርከኑ ጥገና ከክረምት በፊት፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይሠራ።