የቀራፂው መስመር፦ ማዮልና የእረኞቹ ፍቅር



ዕድሜውን በድንጋይና በነሐስ የፈጀ ቀራፂ መጽሐፍ እንዲያስጌጥ ሲጠየቅ የለመደውን ክብደትና ውፍረት ወዴት ያደርሰዋል? ለዚህ ጥያቄ የፈረንሳዊው የአሪስቲድ ማዮል (1861-1944 እ.ኤ.አ.) የእንጨት ሕትመቶች መልስ አላቸው።

ማዮል በስፔን ወሰን አጠገብ በባሕር ዳር ባለችው በባንዩል ተወለደ። በመጀመሪያ የግድግዳ ምንጣፍ ይሠራ ነበር፤ የዓይን ሕመም ከዚያ ሥራ ስላራቀው ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ዞረ። በ1908 ጀርመናዊው ካውንት ሃሪ ኬስለር ወደ ግሪክ ይዞት ሄደ፤ ኋላም የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን የእረኞች ግጥሞች በሥዕል እንዲያስጌጥ አዘዘው። በመካከሉ የ1914ቱ ጦርነት ገባ። ማዮል ከጀርመናዊ ጋር ስለ ተወዳጀ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ተጠረጠረ፤ መጽሐፉም እስከ 1926 ድረስ ቆይቶ በቫይማር ታተመ።

ማተም የሚለው ቃላችን ከማኅተም ጋር አንድ ሥር አለው፤ የእንጨት ሕትመትም አሠራሩ እንደ ማኅተም ነው። ቀራፂው ነጭ የሚሆነውን ጠርቦ ያወጣል፤ ሳይነካ የቀረው ከፍታ ቀለም ይቀበላል። እንጨቱ ከእርሳስ ፊደሉ ጋር እኩል ቁመት ካለው ሁለቱ ጎን ለጎን ታስረው በአንድ ጫና ይታተማሉ። ሠዓሊው ፒየር ቦናር በ1902 የሎንጎስን «ዳፍኒስና ክሎኤ» ከ150 በላይ በሆኑ የድንጋይ ሕትመቶች ሲያስጌጥ ግን ሥዕሉና ፊደሉ በተለያየ ስልት መታተም ነበረባቸው። የቦናር ግራጫ ጭጋግ ውብ ነው፤ ሆኖም ከፊደሉ ጋር እንደ እንግዳ ይተያያል።

ማዮል ይህንኑ ታሪክ በ1937 በእንጨት አወጣው። ታሪኩ በግሪክ ደሴት በሌስቦስ ስለ ተጣሉ ሁለት ሕፃናት ነው፤ ዳፍኒስን ፍየል፣ ክሎኤን በግ አጥብተዋቸዋል። አድገው እረኞች ሲሆኑ ይዋደዳሉ፤ ነገር ግን የያዛቸው ነገር ፍቅር መባሉን አያውቁም። ስሙን የሚነግራቸው ፊሌታስ የተባለ ሽማግሌ ነው፤ ክንፍ ያለውን ሕፃን፣ የፍቅርን አምላክ ኤሮስን፣ በአትክልቱ ውስጥ አይቶታል።

ሐውልቶቹን የሚያውቅ ተመልካች በእነዚህ ገጾች ላይ ከባድ ጥላ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በአብዛኛዎቹ ሥዕሎች ግን ያለው ቀጭን የዙሪያ መስመር ብቻ ነው፤ ሥጋው ራሱ ወረቀቱ ነው። የጭኑና የትከሻው ሙላት የሚታወቀው መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። በ1935 ለሮማዊው ለኦቪድ «የፍቅር ጥበብ» የሠራቸው የድንጋይ ሕትመቶች ጥላቸው የበዛ ነው፤ ሴቶቹም በሠዓሊ ቤት ሞዴል የቆሙ ይመስላሉ። እረኞቹ ግን ራቁታቸውን ሳሉ የሚያያቸው ያለ አይመስላቸውም። ስሙን ላልሰሙት ፍቅር ባዶ ወረቀት ከጥላ ይልቅ ይስማማዋል፤ በሁለቱ አካላት መካከል የቀረችውን ነጭ ስፍራም በመሮ ጠርቦ ያወጣት ቀራፂው ነው።