የሰውነት ልክና የጤና ወሰን



ልብስ ሰፊ ለሁሉም ሰው በአንድ ልክ ቢሰፋ ደንበኛ እንደማይኖረው የታወቀ ነው። ሐኪም ግን የሰውን ጤና ሲመረምር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀምበት ወሰን በሌላ አገር ሰዎች ገላ ላይ የተለካ ነው። አንድ ሰው ወፍሯል ወይም ከስቷል፣ ለስኳር በሽታ ወይም ለደም ብዛት ተጋልጧል ተብሎ የሚፈረደው በዚሁ ወሰን ስለ ሆነ፣ ወሰኑ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ክብደትን በቁመት ካሬ የማካፈልን ሐሳብ ያመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው የቤልጂጉ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። ኬትሌ የፈለገው አማካይ ሰው ምን እንደሚመስል ማወቅን እንጂ በሽተኛን ከጤነኛ መለየትን አልነበረም። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ ስሌት 25ን የውፍረት መጀመሪያ፣ 30ን ደግሞ የከባድ ውፍረት ወሰን አድርጎ ይዞታል። የወገብን ዙሪያ በሚመለከት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌደሬሽን በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለአውሮፓ ወንዶች 94 ሳንቲ ሜትር፣ ለደቡብ እስያ ወንዶች 90 ሳንቲ ሜትር ወሰነ። ከሰሐራ በታች ያሉ አፍሪካውያን ግን የራሳቸው ጥናት እስኪገኝ ድረስ በአውሮፓውያን ልክ እንዲለኩ ተባለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 704 የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች ለኩ። የስብን መጠን የገመቱት በዓይን ወይም በሚዛን ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ አስቀምጠው ገላው የሚይዘውን የአየር ቦታ በመለካት ነው። የተገኘው ወሰን ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 ሆነ፤ የወገብ ዙሪያም ለወንዶች 83.7፣ ለሴቶች 78 ሳንቲ ሜትር። ይህ ከአውሮፓው ልክ ጋር ሲነጻጸር፣ በተለይ በወንዶች ዘንድ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ክብደቱ 75 ኪሎ የሆነ ሰው ስሌቱ 23 ያህል ይሆናል። በዓለም አቀፉ ወሰን «ደኅና ነህ፣ ሂድ» ይባላል፤ በጅማው ወሰን ግን ደሙ ሊመረመር የሚገባው ሰው ነው። ስኳር በሽታ ሳይሰማ የሚገባ በሽታ ስለ ሆነ፣ በስህተት የተሰናበተው ሰው ተመልሶ የሚመጣው ምናልባት ዓይኑ ወይም ኩላሊቱ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ወሰን ማውጣት ግን ሁለት ስህተቶችን ማመዛዘን ነው። ዝቅ ሲል ጤነኛው ይከሰሳል፣ ከፍ ሲል ታማሚው ያመልጣል። ከዚህም በላይ ደመወዝተኛ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ግመል የሚነዳውን ሰው አይወክልም። ስለዚህ የጅማን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በቆላው አርብቶ አደር ላይ መጫን የአውሮፓን ቁጥር በጅማ ላይ ከመጫን ብዙም አይለይም።

ለዚህ ዋልዳን መመልከት ይጠቅማል። ዋልዳ በሰሜን ኬንያ፣ ቦረናና ገብራ በሚኖሩበት ደረቅ ምድር የምትገኝ ስትሆን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የሸሹ ሰዎች የተጠለሉበት ሰፈር ነበረባት። በመጠለያ ሰፈር ልክ የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሕፃን ተጨማሪ ምግብ እንደሚያገኝ የሚወሰነው በእርሱ ነው። በ2009 የታተመ፣ የኢትዮጵያን አርሶ አደርና አርብቶ አደር ሕፃናት ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ የአርብቶ አደሩ ልጅ እግሩ ረጅም፣ ከወገብ በላይ ያለው አካሉ አጭር ይሆናል። እግር ከደረትና ከሆድ ይልቅ ለቁመቱ ክብደቱ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ክብደት ለቁመት ሲመዘን ልጁ ያልከሳውን ያህል የከሳ ይመስላል። የክንድ ዙሪያ ልክ ግን በዚህ ያህል አልተሳሳተም። ይኸው ልጅ አድጎ ከተማ ገብቶ ሥራው መቀመጥ፣ ምግቡ ስኳርና ዘይት ቢሆን ደግሞ፣ ረጅም እግሩ በተቃራኒው ያታልላል፤ ሆዱ እየገፋ ስሌቱ ገና «መልካም» ይላል። በልጅነቱ ሳይራብ የተራበ፣ በጉልምስናው ታሞ ጤነኛ የተባለ ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ ለእንደ ዋልዳ ያለ አካባቢ የሚያስፈልገው ከቁመትና ከክብደት ጋር ተቀምጦ የሚለካውን ቁመት፣ የወገብን ዙሪያና በባዶ ሆድ የተወሰደውን የደም ስኳር ከአንድ ሰው ላይ አብሮ መመዝገብ ነው። ደሙ የሐኪም ሥራ ነው። ተቀምጦ የሚለካው ቁመት ግን ትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል፤ ከፍታው የታወቀ በርጩማ፣ ቀጥ ያለ ግድግዳና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃዋል። ልጁ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ከተለካው ላይ የበርጩማው ከፍታ ይቀነሳል። ልኬቱ ከጓደኞቹ ፊት እንዳይነበብ መጠንቀቅ ያሻል፤ ቀጭን ወይም ወፍራም ተብሎ የተሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ለመለካት አይቀርብም። የልደት ቀን በማይጻፍበት አገር ዕድሜን ማወቅም አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ወላጆች የሚያስታውሱት ድርቅ ወይም ዝናብ ከስሙ አጠገብ አብሮ ቢጻፍ ቁጥሩን በኋላ ለሚመረምረው ሰው ትልቅ እርዳታ ይሆነዋል።