ድምፃችን ይሰማ ካልን የእህቶቻችንንም እንስማ
(አሰላ ላይ ለጀመዓ የተደረገ ንግግር)

  

 

ከጥር 2004 ዓ.ም. ጀምሮ «ድምፃችን ይሰማ» ስንል ነበር። ዛሬ ይህንኑ ቃል ይዤ ወደ ገዛ ቤታችን ልግባ።

የቁርኣን 58ኛ ምዕራፍ ስያሜውን ያገኘው ከአንዲት ተከራካሪ ሴት ነው። ኸውለህ ቢንት ሠዕለባህ (ረ.ዐ) ትባላለች። ባሏ በጃሂሊያ ልማድ «አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» አላት። ሚስት አይደለችም፣ የተፈታችም አይደለችም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዳ ተከራከረች፣ ለጌታዋም አቤት አለች። እናታችን ዓኢሻ እዚያው ቤት ሆነው ከንግግሯ ከፊሉን አልሰሙትም፤ አላህ ግን ከሰባት ሰማያት በላይ ሰማት። ልማዱም በወሕይ ተሻረ። «ሴት ነሽ፣ ዝም በይ» ያላት አልነበረም።

እኛስ ምን እንላለን? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።» ይህ ተረት ነው፣ ዲን አይደለም። በሑደይቢያ ቀን ሶሓቦች ከሐዘናቸው ብዛት እርዱን ለማረድና ፀጉራቸውን ለመላጨት መነሳት ሲያቅታቸው፣ መላውን የነገሩት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። «ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው ይረዱ፣ ይላጩም» አሏቸው። ረሱል ምክራቸውን ተቀበሉ፤ ሰዉም ተከተላቸው። እኛ ሐበሾች የምንኮራበትን፣ ጃዕፈር በነጃሺ ፊት የቆሙበትን ታሪክ በሰፊው የተረኩልንም እኚሁ ኡሙ ሰለማ ናቸው። ሴት የተናገረችው ባይሰማ ኖሮ የራሳችንን ታሪክ ባላወቅን ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። አባታችን ወደ አኼራ ሲሄዱ አራት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ቀረን። እናታችን ቀድመው ሞተዋል። የገብሱን ማሳ አራታችን ተካፈልነው። እህታችንን «ባል አለሽ» አልናት። እሷም ወንድም ላለማጣት ብላ ዝም አለች፤ እኛም ዝምታዋን ፈቃድ አደረግነው። በሸሪዓው ዘጠኝ ቦታ ቢከፈል አንዱ የእሷ ነበር። እኔ ያንን መሬት እያረስኩ በሰው ፊት ስለ ዙልም አወራ ነበር። ሐቋን የመለስኩላት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። የመለስኩበት ቀን አለቀሰች፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ወንድሞቼ! ስለ ድርሻው መጠን ሲነሳ «ሸሪዓው እንዲህ ይላል» ብለን እንቆማለን። ያችው ሴት ድርሻዬን ስጡኝ ስትል ግን ሸሪዓውን ትተን ልማዱን እንመዛለን። ሱረቱ አን-ኒሳእ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ለሴቷ የተወሰነ ድርሻ እንዳላት ደንግጓል። ይህችው ሱራ ሴትን በግድ መውረስንም ከልክላለች። በአርሲ ግን ባሏ የሞተባትን ሴት የሟች ወንድም «ይውረሳት» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ዒዳዋን ጨርሳ በፈቃዷ ብታገባው ኒካሕ ነው። ልጆቿንና ጎጆዋን እንዳታጣ ፈርታ እሺ ብትል ግን ይህ ፈቃድ ነው?

ጠለፋንም አንርሳ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚሁ አርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ቀረበች፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኳ «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም ቀርቧል። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። በ1997ቱ ሕግ ግን ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ጋብቻም አያድነውም። ዲናችን ይህን ከማንም በፊት ሊያስተምረን ይገባ ነበር። የልጅቷ ፈቃድ የሌለበት ኒካሕ ምን ኒካሕ ነው?

የአርሲ እናቶቻችን ሴት ስትበደል ስንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። በዳዩ ይቅርታ እስኪጠይቅ አይመለሱም። በሰላም ተቃውሞ መቆምን ከሩቅ አገር አልተማርነውም፤ ከእናቶቻችን ጓዳ ነው። በዚያ ትግል ውስጥም እህቶቻችን ከኋላችን ሳይሆን ከጎናችን ነበሩ።

ስለዚህ አራት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የእህቱን ውርስ የያዘ ሰው ሳይሞት ይመልስ። ሁለተኛ፣ ወሊይ የሆነ አባት ከኒካሕ በፊት ልጁን ለብቻዋ ይጠይቃት፤ እምቢታዋንም ይቀበል። ሦስተኛ፣ ረሱል ሴቶችን ከመስጂድ አትከልክሉ ብለዋልና፣ በየመስጂዳችን ለእህቶች ንጹህ ቦታና ደርስ ይኑር፤ የጀመዓው ጉዳይ ሲመከርም ይጠየቁ። አራተኛ፣ ነቢያችን በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር። እንጀራ ሲጋገርና ውኃ ሲቀዳ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጣችን ወንድነት አይደለም።

ድምፃችንን የሚሰማው ጌታ የኸውለህንም ሰምቷል። ነገ በፊቱ ስንቆም «እናንተስ የማንን ሰማችሁ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

አላህ ሐቅን ከሚሰጡት ያድርገን። አሚን።