ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የማስተርስ ዲግሪ ምን ይጠየቃል?




ዲግሪ የምስክርነት ቃል ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ «ይህ ሰው ይህን ያህል ያውቃል፤ ይህን ሥራ ቢሰጡት ይወጣዋል» ብሎ ለማያውቀው አሠሪ ሁሉ የሚመሰክርበት ሰነድ ነው። ምስክር የሚታመነው ያየውን ሲናገር ብቻ ነውና፣ ለማስተርስ ዲግሪ ምን ይጠየቅ የሚለው ጥያቄ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የባንክ ሒሳብ፣ የሆስፒታል ካርድና የግብር መዝገብ በኮምፒዩተር በሚያዙበት ዘመን የተሳሳተ ምስክርነት ጉዳቱ ከባለ ዲግሪው አልፎ ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል። የዚህ ንግግር ዓላማ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ለማስተርስ ዲግሪ የሚጠየቁትን ሦስት ነገሮች፣ ይኸውም የመግቢያውን፣ የትምህርቱንና የመውጫውን መመዘኛ መርምሮ፣ ጥብቅነቱ ከሁሉ ይልቅ የት ላይ ሊያርፍ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኤሲኤም በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 በኢንፎርሜሽን ሲስተም ለሚሰጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሥርዓተ ትምህርት ምክረ ሐሳብ አውጥቶ ነበር። የሰነዱ ዋና ሐሳብ፣ ተማሪው ኮምፒዩተሩን ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ የሚያገለግለውን ድርጅት ጭምር ማወቅ አለበት የሚል ነው። ይኸው ማኅበር ከሌላ የሙያ ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሰነድ ደግሞ አጽንዖቱ ከኮርስ ዝርዝር ወደ ችሎታ ተሸጋግሯል፤ ማለትም ተመራቂው ምን ተማረ ከማለት ይልቅ ምን መሥራት ይችላል ወደሚለው ዞሯል።

በኢትዮጵያም የነገሩ ታሪክ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ በ1990 የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልና በዩኔስኮ ድጋፍ ተከፍቶ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የማስተርስ ትምህርት መስጠት ጀመረ። በዚያ ትምህርት ቤት ከተሠሩት የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል የአማርኛን ጽሕፈት በኮምፒዩተር ስለ ማንበብና በአማርኛ የተጻፈን መረጃ ስለ መፈለግ የሚያጠኑ ይገኙባቸዋል። ሙያው በዚህ አገር የድኅረ ምረቃ ሥር ሲሰድ የአገሩን ችግር ይዞ ነው የተነሣው ማለት ይቻላል።

ወደ መግቢያው መመዘኛ ስንመለስ፣ የሚጠየቀው በአጭሩ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በቂ የውጤት አማካይ፣ እንደ ተቋሙ ደንብ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም የወጪ መሸፈኛ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም የመግቢያ ፈተና። በኢትዮጵያ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ብሔራዊ የመውጫ ፈተና መሰጠት ሲጀመር፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተጨምሯል። እነዚህ ፈተናዎች ደጃፉን ይጠብቃሉ። ይሁን እንጂ አከራካሪው ጉዳይ ሌላ ነው፤ በሒሳብ አያያዝ፣ በስታቲስቲክስ ወይም በነርስነት የተመረቀ ሰው በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማስተርስ ለመማር ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት?

መልሱ ሊፈቀድለት ይገባል ነው፤ ነገር ግን ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ነው። የሆስፒታልን መዝገብ ከነርሷ ይልቅ፣ የሒሳብ ሰነድን ከሒሳብ ባለሙያው ይልቅ የሚያውቅ የፕሮግራም ጸሐፊ ብዙ አይገኝም። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ሙያ ለሚመጡ ተማሪዎች ለብቻው የተዘጋጀ የማስተርስ ትምህርት የሚሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ከዋናው ትምህርት በፊት ፕሮግራም መጻፍን፣ የዳታቤዝን፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተምንና የኔትዎርክን መሠረት፣ እንዲሁም ለሙያው የሚያስፈልገውን ሒሳብ ተምሮ መፈተን አለበት። በሩ ሰፊ ይሁን፤ ድልድዩ ግን የእውነት ይሁን።

ሁለተኛው የትምህርቱ ይዘት ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ዋና ስሕተት በገበያ የሚፈለገውን መሣሪያ ስም ሁሉ ወደ ኮርስ መለወጥ ነው። መሣሪያ ያልፋል፤ መርሕ ግን ይቆያል። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የሪሌሽናል ዳታቤዝ ሐሳብ፣ ቪንት ሰርፍና ሮበርት ካህን በ1974 የተለያዩ ኔትዎርኮችን ስለ ማገናኘት ያወጡት ጽሑፍ፣ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1976 ስለ ምስጢር አጠባበቅ ያስተዋወቁት አዲስ መንገድ ዛሬም በየቀኑ ይሠራባቸዋል። በዚያ ዘመን ገበያውን ሞልተው የነበሩት አብዛኞቹ መኪናዎች ግን ዛሬ በቤተ መዘክር ካልሆነ አይገኙም። ስለዚህ የዳታቤዝ፣ የኔትዎርክ፣ የደኅንነት፣ የሲስተም ትንተና፣ የስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ትምህርቶች አከርካሪ ሊሆኑ፣ የየጊዜው መሣሪያም በእነርሱ ላይ መለማመጃ ሆኖ ሊገባ ይገባዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የመውጫው መመዘኛ ነው። በዚህ ረገድ የዓለም ልማድ አንድ ወጥ አይደለም። በአሜሪካ 30 ክሬዲት ያህል አጠናቅቀው ያለ መመረቂያ ጽሑፍ የሚመረቁ ብዙ ናቸው። በአውሮፓ የቦሎኛ ሥርዓት የሁለተኛው ደረጃ ትምህርት በብዛት ከ90 እስከ 120 የአውሮፓ ክሬዲት ይይዛል። በኢትዮጵያ ደግሞ ከኮርሶቹ በኋላ በአማካሪ ረዳትነት የሚሠራና በፈታኞች ፊት የሚሟገቱለት የመመረቂያ ጽሑፍ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ልማድ እንደ ጊዜ ማባከኛ የሚቆጥሩ አሉ። ጽሑፉ «ለእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ ሲስተም» ተብሎ፣ ማንም ሳይሞክረውና ማንም ሳይለካው በመደርደሪያ ላይ የሚቀር ከሆነ በእርግጥም ትችታቸው ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ግን ጽሑፉን መሰረዝ ሳይሆን ጥያቄውን ማስተካከል ነው።

አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ወጥቶለታል እንበል። በአንዱ «ኃይለ ማርያም»፣ በሌላው «ሀይለማርያም» ተብሏል። «ገብረ ሥላሴ» የተባለውም ሰው አንድ ጊዜ «ገ/ሥላሴ»፣ ሌላ ጊዜ «ገብረስላሴ» ሆኗል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በአማርኛ አነባበብ አንድ ሲሆኑ በኮምፒዩተር ግን ልዩ ልዩ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ መግባቱ የጽሕፈቱን ችግር ሲያቃልል፣ የፍለጋውን ችግር ለተመራማሪው ትቶለታል። በዚህ ላይ ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ አይደለም፤ የትውልድ ቀኑም አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ፣ ሌላ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ይመዘገባል። ታዲያ ሁለቱ ካርዶች የአንድ ሰው መሆናቸው በምን ይታወቃል?

ይህ ለማስተርስ የሚበቃ ጥያቄ ነው። ተማሪው ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ ቢያጠቃልል ፍለጋው ይቀላል፤ ነገር ግን «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሰው የደከመበትን ወሰደ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ማጠቃለል ዋጋ እንዳለው ይረዳል። ስለዚህ ሁለት ስሕተቶችን ለይቶ መቁጠር ይኖርበታል፤ አንዱን ሰው ሁለት የማድረግን ስሕተትና ሁለቱን ሰዎች አንድ የማድረግን ስሕተት። የመጀመሪያው የሕክምና ታሪክ ያጠፋል፤ ሁለተኛው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ሊያሰጥ ይችላል። ዘዴውን ከሌላ ዘዴ ጋር ማነጻጸር፣ የማይሠራበትን ቦታ በግልጽ መጻፍ፣ የሕሙማኑንም ምስጢር መጠበቅ አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የመጨረሻው ግዴታ ለጥናቱ በጎ ፈቃድ የተተወ ምግባር ብቻ አይደለም። ጥያቄ፣ መረጃ፣ ልኬት፣ ወሰንና ኃላፊነት፤ የማስተርስ ዲግሪ የሚጠይቀው እነዚህን አምስቱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ፕሮግራሙንም ሆነ የጽሑፉን ምዕራፎች በመኪና ማስጻፍ ቀላል ሆኗል። በክፍያ ለሌላ ሰው ማጻፍ ደግሞ ከዚያ በፊትም የነበረ ክፉ ልማድ ነው። ስለሆነም የቃል ሙግቱ የወግ ማድረሻ ሥርዓት ሆኖ መቀጠል አይችልም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ተማሪው በፈታኞቹ ፊት ፕሮግራሙን ሲያስኬድ፣ ያልታየ መረጃ ተሰጥቶት ሲሞክር፣ ለምን ይህን መንገድ እንደ መረጠ ሲጠየቅ፣ ሥራው የማን እንደሆነ ይገለጣል። ምርምርን ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ሥራን የሚመርጥ ባለሙያም በጽሑፉ ምትክ ፕሮጀክት እንዲሠራ ቢፈቀድለት መልካም ነው፤ ሆኖም ይኸው የልኬትና የቃል ፈተና ሊቀርለት አይገባም።

በመጨረሻም፣ በአንድ ወገን ላይ ብቻ የሚጫን መመዘኛ ፍትሐዊ አይሆንም። ቀን እየሠራ ማታ ከሚማር ሰው ጥብቅ ሥራ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ፣ እርሱም ረቂቁን የሚያነብ አማካሪ፣ የሚሠራ ቤተ ሙከራና በጊዜው የሚሰጥ ምላሽ ሊያቀርብ ይገባል። አንድ አማካሪ አንብቦ ሊጨርስ ከሚችለው በላይ ተማሪ ከተሰጠው፣ የወጣው ደንብ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የማኅበሩ አባላትም ድርሻ አላቸው። በየመሥሪያ ቤታቸው ያለውን እውነተኛ ችግር፣ ሕግ በሚፈቅደው መጠንና የሰው ስም ከተሰወረ መረጃ ጋር ለተማሪዎች ማቅረብ ይችላሉ። ከውጭ የሚጋበዝ ፈታኝ ሆነው ሲቀመጡ ለወዳጅነት ብለው አለማለፍ ይችላሉ። ሠራተኛ ሲቀጥሩም «ዲግሪ አለህ ወይ?» ብለው ከማቆም ይልቅ «የመመረቂያ ሥራህ ምን ጠየቀ? ምንስ ለካ?» ብለው መቀጠል ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በየቅጥሩ ከተለመደ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ማንም ሳያስገድዳቸው መመዘኛቸውን ያጠብቃሉ፤ ተማሪውም የሚመሰክርለትን ሥራ ይዞ ይወጣል።