የአንድ ሌሊት ዓሣ
(በአባላት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሪፖርቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡን። እኛ የሂሳብ ክፍሎች ከቁጥር ሌላ ወሬ አናውቅም እየተባልን እንታማለን፤ ዛሬ ግን ስለ አንዲት የስኮትላንድ ደሴት ልናወራችሁ ነው። ኤሪስኬ ትባላለች። ርዝመቷ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነዋሪዎቿ ሁለት መቶ አይሞሉም። የአያቶቻቸውን ቋንቋ፣ ጌይሊክን፣ ዛሬም ይናገራሉ።

ከመንደሯ በላይ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ1903 የተሠራ ነው (ዘመኑ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። ካህኑ አባ አለን ማክዶናልድ ሕንጻውን ሲያስቡ ሕዝቡ ድሃ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ የአንድ ሌሊት ዓሣ ሽያጭ ለሥራው እንሰጣለን ብለው ቃል ገቡ። እስቲ አስቡት፤ ባሕሩ በዚያ ሌሊት ምን እንደሚሰጥ ማን ያውቃል? እንዲህ ያለ መዋጮ በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘገብ እኛም አናውቅም። የቀረውን ሕዝቡ በጉልበቱ ሞላው። ዛሬ መንበሩ ያረፈው በነፍስ አድን ጀልባ አፍንጫ ላይ ነው።

ደሴቲቱን ዓለም ያወቃት ግን በሌላ ነገር ነው። በ1941፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ፖለቲሺያን የተባለች መርከብ ከ250 ሺህ ጠርሙስ በላይ ዊስኪ ጭና አጠገቧ ዓለት ላይ ወጣች። ሰዉ በሌሊት እየሄደ አወረደ። ቀራጮች ደረሱ፤ የታሰሩም አሉ። ታሪኩ መጽሐፍም ፊልምም ሆነ፤ የመንደሩ መጠጥ ቤት እንኳ በመርከቧ ስም ይጠራል።

እኛን የያዘን ሹራቡ ነው። የኤሪስኬ ሴቶች ለባሎቻቸውና ለልጆቻቸው ስፌት የሌለው፣ ወጥ ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ መልሕቁን፣ መረቡን፣ ማዕበሉን በክር ያወጡበታል። አንዱን ለመጨረስ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ያ ሁሉ ሰዓት ግን ማን ጻፈው? የዊስኪው ጠርሙስ ተቆጥሯል።

ይህን ስናነብ አፈርን። ባለፈው ዓመት የእናንተን ሹራብና ኪሮሽ ዋጋ ስናወጣ ክሩንና ትራንስፖርቱን ብቻ ደምረን «ትርፍ» ብለን ጻፍን። ትርፍ ያልነው የእጃችሁ ድካም ነበር። ስህተቱ የእኛ የሂሳብ ክፍሉ ነው፤ ለደጋፊዎቻችንም የላክነው ያንኑ ቁጥር ነው። ዘንድሮ የሥራ ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ ጨምረናል። ትርፉ አንሶ ታገኙታላችሁ፤ አትደንግጡ። ሪፖርቱን ገጽ ሦስት ላይ ግለጡልን።