ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ቁም ነገር

ዛሬ ሀሳቤ ከጀማሪ መምህራን ጋር ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ፦ በጅቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ ሰፈር፣ በቤቱ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ የሚናገር ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገባ በፈረንሳይኛ ይማራል። ሒሳቡ አንድ ሸክም ነው፤ ቋንቋው ደግሞ ሌላ። መምህሩ ሦስተኛ ከጨመረበት ልጁ ሁሉንም ይጥላል።

አውስትራሊያዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ስዌለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ያስረዳን ይህንኑ ነው፦ አእምሮ አዲስ ነገርን በአንድ ጊዜ የመያዝ አቅሙ ውስን ነው፤ ሲጨናነቅ ትምህርቱ አይቀመጥም። በአገራችን በኢትዮጵያም በራሳችን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የገባውን፣ በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት አስታውሱ፤ ተማሪው ገባውም አልገባውም ስርጭቱ ወደፊት ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከመጨረሻው ጀምሩ። ደወል ሲደወል ተማሪው ምን መሥራት ይችላል? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ግባችሁ ክፍልፋይን መደመር ከሆነ፣ መቀነሱ ለነገ ይደር። አዲስ ቃላት ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጡ። የመጀመሪያውን ምሳሌ ራሳችሁ ሠርታችሁ አሳዩ፤ ሁለተኛውን ከልጆቹ ጋር ሥሩ፤ ሦስተኛውን ለእነርሱ ተዉላቸው። ጊዜ ካጠረ የሚቀረውንም ከወዲሁ ምልክት አድርጉበት።

ለራሳችሁም እዘኑ። ሌሊቱን ሙሉ ዕቅድ ሲጽፍ ያደረ መምህር ጠዋት የልጆቹን ፊት የሚያነብበት ጉልበት አይተርፈውም። አንጋፋ ባልደረቦቻችሁን ዕቅዳቸውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ የሠራላችሁንም ለከርሞ አስቀምጡ።

ጥቂት አስተምሩ፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ ይዞት ወደ ቤቱ ይሂድ።