ፊላና ጋሽ ሙላቱ
(በኩልፎ በማኅበራችን የቡና ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጃዝ ተናገሪ ስባል ሳቅሁ። የሙዚቃ ትምህርት የለኝም፤ ጊዶሌ ግን ተወልጃለሁ። እኛ ደራሼዎች ጋ ፊላ ሲነፋ ዜማውን አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። የአንዱ ቀርከሃ ሲያቋርጥ የሌላው ይቀበላል።

ለሰርጌ ወንድሞቼ ፊላቸውን ይዘው አርባ ምንጭ ሲወርዱ፣ የባሌ ዘመዶች እንዳይስቁብኝ ብዬ «ተዉት» አልኳቸው። ቀርከሃውን በጆንያ ጠቅልለው ተመለሱ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ በሬዲዮ ሰማሁ። ጅማ ተወልደው፣ እንግሊዝና አሜሪካ ተምረው፣ ኢትዮ ጃዝን የፈጠሩ ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ አብረውት ሠርተዋል። እኚህ ሰው ደራሼዎችን የድምፅ ሳይንቲስቶች ይሏቸዋል! ቻርሊ ፓርከር በጃዝ የተደነቀበትን ዓይነት የድምፅ አደራደር፣ የእኛ ሰዎች በቀርከሃ ቀድመው ይጫወቱት ነበር ባይ ናቸው። የያዝኩትን ሰፌድ አስቀምጬ አለቀስኩ።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሳይሰማ አለፈ። ለዓመታዊ በዓላችን ግን የጊዶሌ ልጆች መጥተው ይንፉልን፤ መሳፈሪያቸውን እኔ እችላለሁ።